ሸንጎው የተደገፈበት ግድግዳ

ይህ ነገር የሆነባት ከተማ ስም አላት፤ ግን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ከዚያ ቀጣፊ ነው ትሉኛላችሁ። ያየሁትን ነው የምጽፈው። ያላየሁትንም ቢሆን ካየ ሰው አጠገብ ቆሜ ነው የሰማሁት። የተማርኩት የትምህርት ቤታችን ጣራ ማፍሰስ እስኪጀምር ድረስ ስለሆነ ፊደል ከሳትኩ አርሙልኝ። ነገሩን ግን አታርሙት፤ እንዲሁ ነው የሆነው።

የምንኖረው ከወንዙ ወዲህ፣ በሸንጎው ቤቶች ውስጥ ነው። ሸንጎ የምንለው ከተማዋን የሚያስተዳድረውን ጉባኤ ነው፤ ቤት የሚያከራየውም፣ የሚያፈርሰውም እሱ ነው። ቤቶቹ እንዲህ ናቸው፦ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የሚለው ሦስት ግድግዳ አለው፣ አራተኛውን ከጎረቤት ይዋሳል። ጎረቤትየውም ከሚቀጥለው ተውሷል። የመጀመሪያውን ግድግዳ ማን እንዳዋሰ የሚያውቅ የለም። እኔ አንዴ ላጣራ ብዬ ቤት ለቤት ስከተል ውዬ፣ ዞሬ ዞሬ የደረስኩት እናቴ ጓዳ ነው። ጣራውን ተዉት። እኛ ሰፈር ሲዘንብ ሰው ለመጠለል ወደ ውጭ ይወጣል፤ የውጭው ዝናብ ቢያንስ ጥላሸት የለውም።

አንድ ክረምት ሸንጎው "ለሰው መኖሪያ የማይሆን ቤት ማለት ምን ማለት ነው?" በሚል ተሰበሰበ። አንዱ አባል "ጣራው የሚያፈስ ነዋ" አለ። ሁሉም ቀና ብለው የአዳራሹን ጣራ አዩ። ዣንጥላ ዘርግተው ነበር የተቀመጡት። ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። ሌላው "አይጥ የሚገባበት ነው" ብሎ ጀመረና ከጠረጴዛው ሥር የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ እግሩን ሰብስቦ ዝም አለ። በዚያ ስብሰባ አንዲት እንቁራሪት ድምፅ ሰጥታለች ይባላል። እኔ አላየሁም፤ መቃወሟን ግን ከታመነ ሰው ሰምቻለሁ። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ሰው ተደግፎት ሰውየው ካልወደቀ ቤት ነው፤ ከወደቀ ቤት አይደለም።

ለዚህ ሥራ ጋሽ ድንበሩ ተቀጠሩ። ማዕረጋቸው "የሸንጎ ተደጋፊ" ነው። ሰፊ ጀርባ ያላቸው ሐቀኛ ሰው ናቸው። ክብደታቸውን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ለማንም የማትነቃነቅ አህያ እንኳ እሳቸው ሲመጡ መንገድ ትለቅ ነበር። ኮታቸው ጀርባው ላይ ቆዳ ተለጥፎበታል። ጀርባቸውን ለግድግዳው ይሰጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ "ሸንጎው ተደግፏል!" ይላሉ። እንደቆሙ ከቀሩ ቤቱ ለሰው ይሆናል። ከወደቁ አይሆንም፤ የቤቱ ሰዎችም ወደ "ለጊዜው" ይወሰዳሉ።

ለጊዜው ከወንዙ ማዶ ያለ ሜዳ ነው። "አዲስ ቤት እስኪሠራላችሁ ለጊዜው እዚህ ሁኑ" ተብለው የሄዱ ሰዎች እዚያ ሸራ ሥር ልጆቻቸውን ድረዋል፣ አርጅተዋል፣ ተቀብረዋል። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው "የት ነህ?" ሲባል "ለጊዜው" ይላል። ሌላ መልስ የለውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የግፊያ ማኅበር አቋቋምን። እንደ እድር ያለ ነው፤ ዳኛ አለው፣ ደንብ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። ጋሽ ድንበሩ ወደ አንድ ቤት ሊመጡ መሆኑ ሲሰማ ሰፈሩ ቀድሞ ይገባና ግድግዳውን ከውስጥ በመዳፉ ይይዛል። እሳቸው ከውጭ ሲደገፉ እኛ ከውስጥ እንገፋለን። ጥበቡ ልኩን ማወቅ ላይ ነው። ግፊያው ካነሰ ግድግዳው ይዟቸው ወደ ውስጥ ይመጣል። ከበዛ ደግሞ በአፍንጫቸው ይደፋሉ፤ በአፍንጫም ቢሆን መውደቅ መውደቅ ነው። ዳኛችን ውብነህ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ደግሞ "አንተ ከጉልበትህ አፍህ ይበረታል" ተብዬ ጠሪ ሆንኩ፤ በቀዳዳ እያየሁ "ያዝ... ጨምር... በቃ፣ ላላ" የምለው እኔ ነኝ።

እንዲህ ስንል ስንት ዘመን ኖርን። ሰፈራችን አንድም ቤት አልወደቀበትም።

ከሁሉ የደከመው ግድግዳ የእትዬ ዘርፌ ነበር። እትዬ ዘርፌ ጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ መበለት ናቸው። የቤታቸውን የመንገድ በኩል ግድግዳ ምስጥ ውስጥ ውስጡን ጨርሶት፣ ቆሞ የነበረው በተለጠፈበት ጋዜጣ ብርታት ነው። ጋዜጣው ላይ ያለው ዜና ስለ ቤት ልማት ነበር። ግድግዳው እንዲያ በመሆኑ ከማኅበሩ ጉልበተኛ ጉልበተኛውን የምንመድበው እዚያ ነው። ስለዚህ ጋሽ ድንበሩ በሄዱበት ሁሉ "እንደ ዘርፌ ግድግዳ የሚያኮራ አላየሁም" ይሉ ነበር።

ይህ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ክረምት የእትዬ ዘርፌ ልጅ ትሁን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች። እትዬ ዘርፌ መጀመሪያ የልጃቸውን ሆድ አዩ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን አዩ።

"አንተ፣ ተነስ" አሉኝ። "ሸንጎ እንሂድ። አፍ ስላለህ ነው የምወስድህ፤ ግን ካልነገርኩህ እንዳትናገር።"

ሸንጎው ደጅ ያለው ጸሐፊ ጥርሱን እየጎረጎረ ተቀበለን።

"ግድግዳዬን ላድስ ነው። ፍቀዱልኝ" አሉ እትዬ ዘርፌ።

"ተደግፈውታል?"

"በየዓመቱ።"

"ወድቀው ያውቃሉ?"

"ኧረ አያውቁም።"

"እንግዲያው ደህና ቤት ነው። ደህና ቤት እድሳት አያስፈልገውም።"

"ነገ ቢወድቅስ?"

"ከወደቀማ ለሰው መኖሪያ አይሆንም። ለሰው ለማይሆን ቤት እድሳት አይፈቀድም።"

እትዬ ዘርፌ ትንሽ አሰቡ። "በመሃልስ?" አሉ። "ሊወድቅ ሲል?"

"ሊወድቅ ሲል የሚባል ነገር ሸንጎው አያውቅም" አለ ጸሐፊው። ከዚያ አንገቱን አስግጎ፣ "ቆይ፣ ዘርፌ ማለት እርስዎ ነዎት? የግድግዳዋ ዘርፌ?" ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸንጎው አዳራሽ ጣራ በዚያው ሳምንት ተደርምሶ ነበር። ሸንጎው መሰብሰቢያ ሲፈልግ፣ በከተማዋ የታወቀ ጠንካራ ቦታ የት ነው ተብለው የተጠየቁት ጋሽ ድንበሩ ናቸው። እሳቸው መቼም ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ የሚያውቁትን ተናገሩ። ስለዚህ ሸንጎው ከእትዬ ዘርፌ ግድግዳ ላይ ሸራ ወጥሮ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እንዲሰበሰብ ተወስኗል።

ስንመለስ እትዬ ዘርፌ፣ "ይሄ ቅጣት ነው ሽልማት?" አሉኝ።

"ክብር ነው እንጂ፣ እትዬ።"

"ክብሩን አንተ ወስደህ አሳድረው።"

የስብሰባው ቀን ማኅበሩ ከማለዳ ገባ። የሸንጎው ሠራተኞች ሸራውን ከግድግዳው ጫፍ ጋር አሰሩ፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር አምጥተው ከግድግዳው አስጠግተው ዘረጉ። አግዳሚው በሩንም ዘጋው። የቤቱ በር ያ ብቻ ነው። አባላቱ ተራ በተራ መጥተው ተቀመጡና ጀርባቸውን ጣሉት፤ ጋሽ ድንበሩም በስተዳር ቆመው እንደ ልማዳቸው ተደገፉ። እኛ ከውስጥ ጥርሳችንን ነከስን። እስከዚያ ቀን አንድ ጀርባ ነበር የምንይዘው። አሁን መላው ሸንጎ ነው።

ሊቀ ሸንጎው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የዛሬው አጀንዳ፦ በከተማችን ለሰው መኖሪያ የማይሆን ቤት አለ ወይስ የለም? ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ መግባትም መውጣትም ክልክል ነው።"

ውስጥ ውብነህ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ "ማነው እኔ ጋ ያለው?" አለ በሹክሹክታ። "ምን በልቶ ነው የመጣው?"

በቀዳዳ አየሁ። "የጽዳት ኃላፊው ነው።"

"ሲናገር ይቀላል። አሁን ነው የከበደኝ።"

"አሁን ተኝቶ ነው።"

"ንገረው፣ ይናገር በለው። ስለ ፈለገው ነገር ይናገር!"

ይህን ስንል ነው ትሁን ከመደቡ ላይ "እማዬ" ያለችው። አጠራሯ ሌላ ነበር። እትዬ ዘርፌ ዘወር ብለው አዩዋት፤ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። በጣራው ቀዳዳ አንገቴን አውጥቼ አዋላጇን እትዬ አስካለን ጥሩ ብዬ ጮህኩ። እትዬ አስካለ ወዲያው ደረሱ፤ ግን ከመንገዱ ማዶ ቀሩ። በመሃል ሸንጎው ተዘርግቷል።

እትዬ ዘርፌ በበሩ ስንጥቅ አፋቸውን አስጠጉ። "ጌቶች፣ በሩን አስለቅቁልኝ።"

"ማነው የሚናገረው?" አሉ ሊቀ ሸንጎው።

"የቤቱ ባለቤት ነኝ።"

"የቤቱ ባለቤት ሸንጎው ነው።"

"እሺ፣ ተከራይዋ ነኝ። ልጄን ምጥ ይዟታል፤ አዋላጇ ትግባልኝ።"

"ጥያቄው ተይዟል። 'ልዩ ልዩ' በሚለው ሥር እናየዋለን።"

"ልዩ ልዩ መቼ ነው?"

"ልዩ ልዩማ ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ ነው።"

እትዬ አስካለ ከማዶ፣ "ልጅ አጀንዳ አይጠብቅም እኮ፣ ሰዎች!" ብለው ጮኹ።

"እናት፣ እጅ አውጥተው ነው የሚናገሩት።"

ጋሽ ድንበሩ ከዳር ሆነው፣ "ሊቀ ሸንጎ፣ አግዳሚውን ትንሽ ብናሸሸውስ?" አሉ።

"ጋሽ ድንበሩ፣ የእርስዎ ሥራ መደገፍ ነው።"

ጋሽ ድንበሩ ተመልሰው ተደገፉ። ትሁን በዚህ ጊዜ ድምፅ ማውጣት ትታ ነበር፤ ያ ነው ያስፈራን። እትዬ ዘርፌ ከበሩ ዞር ብለው መጡና መሃላችን ቆሙ።

"ግፉት" አሉ።

"እየገፋን አይደል እንዴ?" አለ ውብነህ።

"እስከ መጨረሻው ግፉት።"

ውብነህ መዳፉን ከግድግዳው ሳያነሳ አያቸው። "እትዬ፣ ከወደቁ እኮ ወደ ለጊዜው ነው የሚወስዷችሁ። እዚያ ጭቃ ላይ፣ በዚህ ዝናብ፣ አራስ ይዘው?"

"አውቃለሁ።"

"ደንባችንም ከልክ በላይ መግፋት ይከለክላል።"

"ቅጡኝ" አሉ እትዬ ዘርፌ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መዳፋቸውን በገዛ ግድግዳቸው ላይ አሳረፉ። "ልጄ ትትረፍልኝ እንጂ ሌላውን ከዚያ በኋላ አየዋለሁ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ መቼም ለነገሩ ሁሉ ቀልድ አላጣም፤ ያኔ አፌ ውስጥ አንድም አልነበረም።

"ግፋ!" አልኩ።

መጀመሪያ ጋዜጣው ተተረተረ። ከዚያ ግድግዳው እንደ ደከመ ሰው ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ተኛ። ሰው አልጎዳም፤ ምስጥ የጨረሰው ጭቃ ከዳቦ ፍርፋሪ አይከብድም። ሸንጎው ግን ከነአግዳሚው በግንባሩ ጭቃ ላይ ተደፋ፤ ግድግዳው ከላዩ፣ ሸራው ከግድግዳው ላይ። እትዬ አስካለ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በላያቸው ተራምደው ገቡ። ሲራመዱ ከሥር የጽዳት ኃላፊው "እህ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ከፈለጋችሁ እምላለሁ። ሸንጎው ጭቃውን ከዓይኑ ሳይጠርግ ሕፃን አለቀሰ። ሴት ነበረች።

"ማንም እንዳይነሳ!" አሉ ሊቀ ሸንጎው ከጭቃው ውስጥ። "ስብሰባው አልተዘጋም!"

"ሊቀ ሸንጎ፣ ወድቀናል" አሉ ጋሽ ድንበሩ ከአጠገባቸው ተደፍተው። "በሕጉ መሠረት ይህ ቤት..."

"ቆይ፣ ጋሽ ድንበሩ። አይቸኩሉ። ከከተማዋ ጠንካራው ይሄ ነው አላሉም?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲህ ይሄ ለሰው የማይሆን ከሆነ ሌላው ምን ሊሆን ነው? የእኔስ ቤት?"

ሁሉም በጭቃው ውስጥ ሆኖ ለጊዜውን አሰበ። ከዚያ እዚያው እንደተደፉ ተወያዩ፤ ውይይቱን ቆሜ ሰምቻለሁ፣ የሚከለክለኝ ግድግዳ አልነበረም። ግድግዳው ለሸንጎው ክብር ጋደም አለ እንጂ አልወደቀም፤ ስለዚህ በሕግ ፊት እንደቆመ ነው ተባለ። አንዱ አባል፣ "ለአንድ ቤት ብቻ ከሆነ አድልዎ ይመስልብናል" አለ። እውነቱን ነው ተባለና፣ በዚህ ሰፈር ያለ ማንኛውም ግድግዳ ቢጋደምም እንደቆመ ይቆጠራል ተብሎ ተሻሻለ። ጭቃ ያንጠባጠቡ እጆች ወጡ፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ። በከተማዋ ለሰው መኖሪያ የማይሆን ቤት እንደሌለም ተረጋገጠ። በመጨረሻ፣ በልዩ ልዩ ሥር፣ አዋላጇ እንድትገባ ተፈቀደ። ሕፃኗ ያን ጊዜ ጡት ይዛ ነበር።

ሸንጎው ሲሄድ እትዬ ዘርፌ ከደጃፋቸው የተኛውን ግድግዳ አዩት። አራሷን በብርድ ልብስ ጋርደናታል፤ ነፋሱ ግን ብርድ ልብስ አያከብርም። "እንግዲህ ይሄ ቆሟል አይደል?" አሉ።

"በሙሉ ድምፅ" አልኳቸው።

"እሺ። ድንጋይ አምጡ።"

ማኅበሩ ተሰማራ። ሰው የሚገፋበትን ጉልበት ማንሳት ላይ አዋለው። መሠረቱ ተቆፈረ፣ ድንጋይ ተደረደረ፣ ባሕር ዛፍ ቆመ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦካ። የሸንጎው ደንብ አስከባሪ እየሮጠ ደረሰ።

"ምን እየሠራችሁ ነው?"

"ምንም" አሉ እትዬ ዘርፌ ጭቃ እየለጠፉ።

"ግድግዳ እየሠራችሁ አይደል እንዴ? ያለ ፈቃድ?"

"እዚህማ ግድግዳ ቆሟል፣ ልጄ። ራሱ ሸንጎው ወስኗል። ግድግዳ ባለበት ቦታ እንዴት ግድግዳ እሠራለሁ?"

ደንብ አስከባሪው ግድግዳውን አየ፣ እኛን አየ፣ ፊሽካውን ወደ አፉ ወስዶ መለሰው። "ይሄ... የድሮው ነው?"

"የትኛው ሌላ አለ?"

ራሱን እያከከ ሄደ።

ጭቃው ላይ ላዩን ደረቅ ሲል ጋሽ ድንበሩ መጡ። እንደ ደንቡ መደገፍ አለባቸው። ቤት ውስጥ ያለችው ትሁን ከነልጇ ብቻ ናት። እኛ ሁላችን ውጭ ቆመናል፤ እጃችንን የት እንደምናደርገው ጨንቆናል። ጋሽ ድንበሩ ዞሩ፣ ጀርባቸውን ሰጡ፣ ጨፈኑ። "ሸንጎው ተደግፏል!"

ምንም አልሆነም። ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም።

"ይሄ ቤት ምን ነካው?"

እትዬ ዘርፌ ደነገጡ። "ምን ሆነ?"

"አይገፋም።"

እርስ በርሳችን ተያየን።

"የዚህን ሰፈር ግድግዳ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ" አሉ ጋሽ ድንበሩ። "ይሞቃል። ትንሽ ገፋ ያደርጋል። አንዳንዴ ያስነጥሳል። ያንቺው ደግሞ አንድ ጊዜ 'ላላ' ብሎኛል። ይሄ ዝም ብሏል። የታመመ ግድግዳ ነው፤ እንዴት ብዬ ነው የማልፈው?"

"ጋሽዬ" አሉ እትዬ ዘርፌ ቀስ ብለው፣ "ግድግዳ እንዲህ ነው።"

ጋሽ ድንበሩ አዩን። ሁላችንንም አዩን፤ ውጭ መቆማችንን፣ መዳፋችን ላይ የደረቀውን ጭቃ። ከዚያ ተመልሰው ተደገፉ፤ አሁን ግን "ሸንጎው ተደግፏል" አላሉም። ትከሻቸው ቀስ እያለ ወረደ። እግራቸውን ዘረጉ። እኚህ ሰውዬ በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመናቸው አንድ ቀን አርፈው እንዳልተደገፉ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ትሁን በበሩ ብቅ አለች። "ዝም በሉ እስቲ፣ አሁን ገና ነው የተኛችልኝ።"

ውብነህ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ፣ ማንንም ሳያናግር ወደ ራሱ ቤት ገባ። "ከመንገዱ ዞር በሉ!" ሲል ሰማነው። ግድግዳው ወደ ውጭ ተኛ፤ አቧራው ሳይበርድ ደንብ አስከባሪው እየሮጠ ተመለሰ።

"ምንድነው የወደቀው?"

"የወደቀ የለም" አለው ውብነህ ከተከፈተው ቤቱ ውስጥ መርፌና ክሩን ይዞ ቆሞ። "ጋደም ብሎ ነው።"

ቀጥሎ የጎረቤቱ ተኛ፤ ከዚያም የሚቀጥለው። እኔም የእናቴን ግድግዳ ራሴ ነኝ የገፋሁት፤ እናቴ ድስቷን አቅፋ ውጭ ቆማ፣ "በዚያ በኩል ደግሞ ገፋ አድርገው፣ ሰነፍ!" ትለኝ ነበር። ጋሽ ድንበሩ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ቀስ በሉ፣ ሰው ላይ እንዳትጥሉት" አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሰፈራችን ውስጥ፣ ከእትዬ ዘርፌ በቀር፣ በመንገዱ በኩል የቆመ ግድግዳ አልነበረም። በሸንጎው ውሳኔ ግን ሁሉም ቆመው ነበር፤ ጭቃም እየተቦካ ነበር።